በስምህ የሚዋጥ ክኒን

ውድ ፌንጣ፣

ልጅቷ አልሞተችም። ሌላውን ቀስ ብለህ ታነበዋለህ፤ ይህን ግን ገና በቆምክበት እንድታውቀው ብዬ አስቀደምኩት። የአናጢው ልጅ በሕይወት አለች። ዛሬ ጠዋት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ሾርባ ስትጠጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።

ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ በአጎታችን ስልክ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። "እህትህ ናት ስለው ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ የልጅቷን ነገር ሳነሳበትማ ጆሮውን ይይዛል" አለኝ። ስለዚህ የአጎታችን ሹፌር አሮጌ ጎማ ሊጭን ወደዚህ መምጣቱን ስሰማ ጊዜ አላጠፋሁም። እሱ እየጫነ ነው፤ ሲመለስ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ይመጣል። እኔ ደግሞ ፀጉር ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን ወደ ጥግ ገፍቼ፣ መስተዋቱ ፊት ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ፤ ያንተን ጽሕፈት ያየ ሰው በእኔ የመሳቅ መብት የለውም።

ነገሩን ከሥሩ ልነሳ። ግማሹን አንተው ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን እዚያ በአጎታችን ጎሚስታ ቤት ፎቅ ላይ ብቻህን ተቀምጠህ ለራስህ የምትተርከው ታሪክ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው አንተ ብቻ ነህ። እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ልጨምርበት።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣልህ አባታችን ነበር። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት ስትዘል እያየ "ይሄስ ሰው አይደለም፣ ፌንጣ ነው" ይልና ይስቅ ነበር። አስተማሪዎችህ ግን አልሳቁም። ደብተርህን ክፍል ውስጥ፣ ጃኬትህን መንገድ ላይ እየረሳህ ትመጣለህ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ትጮኻለህ። ቀልበ ቢስ አሉህ። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡህና እዚያው ረሱህ። እማዬ እጅህን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ የወሰደችህ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠብህ በኋላ ነው። ሐኪሙ መርምረው መርምረው፣ ልጁ ሰነፍም ባለጌም አይደለም፣ ሐሳቡን የሚሰበስብለት መድኃኒት ያስፈልገዋል አሉ።

መድኃኒቱን የጀመርክበትን ሳምንት እስክሞት አልረሳውም። መጽሐፍህን ይዘህ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥክ፤ ሳትነሳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አነበብክ። እማዬ ዕቃ የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ሰጥታን አለቀሰች። እኔን ግን ጠቀስከኝና "እታለም፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሬዲዮ ተዘጋ" አልከኝ። ያ ክኒን ላንተ መድኃኒት ነበር። በቃ፣ መድኃኒት። ሌላ ሰው የሚጎመጅበት ነገር ይሆናል ብሎ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ "ዲን" የምትሉት ልጅ አንድ ዶርም ደረሰህ። ከእውነተኛው ዲን በላይ ስለሚያዝ ነው እንዲህ ያልነው ብለህ ስትነግረን እማዬ ከልቧ ሳቀች። የቀለም ቀንድ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ልብሱ የተተኮሰ። አንድ ጠዋት ክኒንህን ስትውጥ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀህ፤ አንተም ምን የሚደበቅ ነገር አለ ብለህ ነገርከው። ለአንድ ከባድ ፈተና አንድ ብቻ ለመነህ። ሰጠኸው። ውጤቱ ሲለጠፍ ሰው ፊት አቀፈህ። ይህን ስታወራልኝ ፊትህ እንዴት እንደበራ አስታውሳለሁ። ከመላው ክፍል መካከል የታቀፍከው አንተ ነበርክ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሱና ጓደኞቹ እየተከተሉህ ቤታችን መምጣት ጀመሩ። እማዬ ልጇ ጓደኛ ይዞ ሲገባ አይታ አታውቅምና የምታደርገው ጠፋት። ዲን ከምሳ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል፤ እማዬን "እናቴ" ይላታል። አንድ እሁድ እሷ ሳታስበው "ፌንጣ፣ ጨዉን አቀብላቸው" ስትልህ አንተ ቀላህ፣ እሱ ደግሞ ቀና አለ።

"ፌንጣ?" አለ። ስምህን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው። "ደስ የሚል ስም ነው።"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጨዉን ራሴ አንስቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ወዲያው መልሰህ መዝለል ጀመርክ። ውኃ ጥደህ ትወጣለህ። ቁልፍህን ከውጭ በሩ ላይ ትተህ ትተኛለህ። ከእኔ ጋር እያወራህ መሃል ላይ ሐሳብህ ይበርና ምን እያልኩ ነበር ትለኛለህ። ውጤትህ አሽቆለቆለ። እማዬ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎት ነው ብላ ወደ ሐኪሙ ላከችህ። ዲን ብቻህን አትሂድ ብሎ አብሮህ ሄደ። ስትመለስ እየሳቅክ እንደነገርከኝ፣ ስለ ሕመምህ ከአንተ ይልቅ እሱ ነበር አሳምሮ ያስረዳው። ሐኪሙም አምነው መጠኑን ጨመሩልህ። የተጨመረው ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ያን ጊዜ እኔም እማዬም አላወቅንም።

ያወቅኩት እዚሁ፣ አሁን በተቀመጥኩበት ቦታ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባ ሰው የራሱ ድምፅ ስለማይሰማው ይጮኻል፤ የከተማውን ምስጢር ሁሉ የምሰማው በዚያ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን አስገብቼያቸው ስለ ፈተና ያወራሉ። አንደኛዋ ጮክ ብላ "ትናንት አንድ ፌንጣ ውጬ መጽሐፉን ሙሉውን ሸመደድኩት" አለች። ጓደኛዋ ደግሞ "እኔ ግማሽ ፌንጣ ይበቃኛል። ሙሉውን ስወስድ እጄ እየተንቀጠቀጠ መጻፍ ያቅተኛል" አለቻት።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ካስኩን አነሳሁና ፌንጣ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ተያይተው ሳቁ።

"ክኒን ነዋ፣ እትዬ። ግቢ ውስጥ የማይወስድ የለም።"

"ማነው የሚሰጣችሁ?"

"ዲን።"

አባታችን ያወጣልህን ስም፣ እማዬ ለምሳ የምትጠራህን ስም፣ የማላውቃቸው ልጆች ለሁለት እየከፈሉ ይውጡታል። የዚያን ዕለት የሰው ፀጉር እንዴት እንደሠራሁ አላስታውስም።

ቅዳሜ ስትመጣ ሳትቀመጥ ጠየቅኩህ። አልካድክም። ለጓደኛ መስጠት ምን ነውር አለው አልከኝ። አንተስ ምን ትወስዳለህ ስልህ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ ያለ እሱም እችላለሁ አልክ፤ ይህን ስትል መኪና መንገድ ላይ አንዱ ጫማህ መውለቁን ሳታውቅ በአንድ እግር ጫማ ቤት ገብተህ ነበር። ልስቅም ልቆጣም ቃጣኝ።

"እታለም፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ታውቂዋለሽ" አልከኝ። "አሁን መሃል ላይ ነው የምቀመጠው።"

የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አብራችሁ የምትማረው የአናጢው ልጅ ፈተናዋን ጨርሳ ከአዳራሹ ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። አንተ ፊትህ አመድ መስሎ ቤት ገባህ፤ ቦርሳህ ውስጥ ያገኘኸውን ልብስ ጨመርክ። "ሞታለች። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው" አልክና ወጣህ። እማዬ ገበያ ነበረች። እኔ ደጅ ድረስ ተከትዬህ ወጣሁ፤ አንተ ግን ርቀህ ነበር።

ፌንጣዬ፣ ሞታለች ብሎ የነገረህ ማነው? ያን ቀን ልጠይቅህ አልቻልኩም። አሁን ግን ሳትመልስልኝም አውቄዋለሁ። አባቷን አግኝቻቸዋለሁ። ዲን አምቡላንሱ ውስጥ አብሯት ገብቶ ነበር። ሐኪሟ ወጥታ ትተርፋለች፣ ልቧ ላይ ማንም ያላወቀው ከተፈጥሮ የመጣ ድካም ነበረባት ስትል ከአናጢው ጎን ቆሞ ሰምቷል። እጃቸውን ጨብጦ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሏቸዋል። ከዚያ "ስልክ ልደውል" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ዞረ። የደወለው ላንተ ነው።

አንተ ስትጠፋ ግቢው ውስጥ የተወራውን መገመት አያቅትህም። የሸሸ ሰው ጥፋተኛ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ስምህን ጠርቶ አጣህ። ዲን ደግሞ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን ይዞ ቤታችን ይመላለስ ጀመር። እማዬ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ያሻሻል፤ አብሯት ያዝናል። እሷም እኔ ሳልኖር የልቧን ታዋየዋለች። መድኃኒትህን ሳትይዝ መሄድህ እንቅልፍ ነስቷት ነበርና፣ እሱ "ካርዱን ስጪኝ፣ እኔ አውጥቼ፣ ያለበትን ፈልጌ አደርስለታለሁ" ሲላት እንደ መልአክ ነው ያየችው። የሆስፒታል ካርድህን ሰጠችው። የዚህን ወር መድኃኒት በአንተ ስም አውጥቷል፤ ጠርሙሱ አሁን እሱ ጋ ነው። ነገ ሌላ ልጅ ደረጃ ላይ ብትወድቅ፣ አንተ እዚያ ጎማ ስትለጥፍ ውለህ፣ የሚጠራው ያው የአንተ ስም ነው።

ትናንት ጠዋት ልጅቷ መንቃቷን ሰምቼ ሆስፒታል ሄድኩ። አባቷ ኮሪደሩ ላይ ወንበሩ የተውሶ ዕቃ ይመስል ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። የማን እህት እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ፀጉር ቤት ነው የምትሠሪው አይደል?" አሉኝ። "እናት የላትም። ፀጉሯ ተቋጥሮ ራሷን አሳመማት፤ እኔ ደግሞ እንጨት እንጂ ፀጉር አላውቅም።"

ገብቼ ትራሷን ከፍ አደረግኩና ከጫፉ ጀምሬ ፈታሁላት። ዓይኗን እንደጨፈነች በቀጭን ድምፅዋ መናገር ጀመረች። አባቷ በሩን ተደግፈው ይሰማሉ።

"ወንድምሽን ፌንጣን ለምኜው ነበር" አለችኝ። "ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ አይቶ ስለነበር፣ አንቺ ይሄን እንዳትነኪ ብሎ ከለከለኝ። ተቀይሜው ነበር። በኋላ ዲን ሰጠኝ። ልቤ ይመታል ስለው፣ እየሠራ ነው ማለት ነው አለኝ። ሁለተኛም ሰጠኝ።"

ቀና ስል ዲን ከአባቷ ኋላ ቆሟል። የጭማቂ ጠርሙስ ይዟል። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ጠርሙሱን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ለአናጢው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸውና ሄደ። አናጢው ጭማቂውን አንስተው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ያ እንቢ ያላት ልጅ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዲን ፀጉር ቤቱ መጣ። አንዲት ደንበኛ ካስክ ውስጥ ናት። ባዶው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠና በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። በቅርብ ሳየው ደነገጥኩ። ዓይኑ ጉድጓድ ገብቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ አፉ ባዶውን ያላምጣል። አናቱ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ፀጉር የለውም። ተበጥሶ ሳይሆን ተነቅሎ ነው፤ ይህን ሙያዬ ነውና አውቀዋለሁ። እያወራኝም ጣቱ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

"እታለም፣ ሰው ሲታመም ይቃዣል" አለኝ።

"እታለም የሚለኝ ወንድሜ ብቻ ነው" አልኩት።

እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። እንደ እሱ አባባል አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ሐኪም የመሰከረልህ ነህ። መጥተህ ለጓደኛዬ አዝኜ ሰጠኋት ብትል ኮሚቴው ይራራልሃል፤ ቢበዛ ዓመት ያስደግምሃል። እሱ ከተባረረ ግን አለቀለት። አባቱ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ፣ ልጄ ይመረቃል ብሎ ቃል ገብቷል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ድምፁን ሳያነሳ፣ የተሸመደደ ትምህርት እንደሚያነበንብ ነው። ስንት ቀን እንዳልተኛ ጠየቅኩት።

"እንቅልፍ ለተመረቀ ሰው ነው" አለና ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አልቆመለትም። ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛዬ እንኳ ዞራ አየችው። ከዚያ አንተ የት እንዳለህ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ፎጣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ተነሳ።

"ግድ የለም" አለኝ። "እናቴን እጠይቃታለሁ።"

ደንበኛዬን ፀጉሯ ሳይደርቅ ሸኝቼ ሮጥኩ። አልደረስኩም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። ዲን መጥቶ እንደሄደ፣ ከነገ ወዲያ አንተ ዘንድ እንደሚሄድ፣ ሹራብህን ጭምር እንደላከችልህ ነገረችኝ። እኔ የደበቅኳት መስሎኝ፣ ለካ የት እንዳለህ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር። "ልጄ ወንድሜ ጋ ካልሄደ ሌላ የት ይሄዳል?" አለችኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ክኒኑ፣ ስለ ስምህ፣ ኮሪደሩ ላይ ስለተደወለው ስልክ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ግን እኮ ሳህን ያጥብልኛል" አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ቆየች።

ለአጎታችን ደውዬ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ታውቀዋለህ፣ ሆደ ቡቡ ነው። "አንድ ተማሪ ምን ያደርገኛል? ይምጣና ምሳ ይብላ" ነው ያለኝ። እኔም ዲን ይመታሃል ብዬ አይደለም የምፈራው። ያለቅሳል ብዬ ነው የምፈራው። ጠርሙስህን በአንድ እጁ፣ የእናትህን ሹራብ በሌላ እጁ ይዞ፣ እግርህ ሥር ወድቆ አንድ ነገር ብቻ ይለምንሃል። አንተ ደግሞ ከሰው ሁሉ መካከል የታቀፍክበትን ቀን ታስታውሳለህ።

የአንተ የሆነውን ጥፋት አልሸፍንልህም። ክኒኑን ለእሱ የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ይህን ኮሚቴው ፊት በገዛ አፍህ ትናገራለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ያላደረግከውን ግን እንዳትሸከም። ነገ ጠዋት እኔና አናጢው ኮሚቴው ዘንድ እንገባለን። ልጅቷም ያለችውን እፊታቸው ልትደግም ተስማምታለች። ከዚያ ወደ ሐኪምህ እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱ ከእንግዲህ በማንም ሌላ እጅ እንዳይወጣ እነግራቸዋለሁ። አንተም ያለ መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደቆየህ ማወቅ አለባቸው።

እሱ ሲመጣ አታባርረው። እሱም ታሟል፤ አናቱን ብታይ ታዝንለታለህ። ምግብ ስጡት፣ አልጋ ስጡት፣ አጎታችን ሐኪም ቤት ይውሰደው። ጠርሙሱን ግን አጎታችን ይቀበለው። አንተ ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ እንዳትገባ። ለአንድ ቀን ብቻ ቢልህም፣ ለአንድ ቃል ብቻ ቢልህም እንዳትገባ።

እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። አሁን እማዬ ደወለችልኝ። ካርዱን እንዲመልስላት ልትነግረው ለዲን ደውላለት ነበር። ሲያነሳ ከኋላው የአውቶቡስ ጩኸት ይሰማል። "እናቴ፣ አታስቢ፣ ዛሬ ጠዋት ተሳፍሬያለሁ" ብሎ ዘግቶባታል።

አውቶቡሱ ከሹፌራችን ይፈጥናል። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ዲን ቀድሞ ደርሶ፣ ምናልባት እዚያው አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብለት።

ነገ ማታ እደርሳለሁ።

እህትህ